ታክመው ያከሙ

ማሚቱ ጋሼ ኦፕራሲዮን ክፍል የገባችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች፣ በገጠር ለቀናት አማጠች። ልጇ ሞቶ ተወለደ፤ እሷም ሽንቷን መያዝ አቃታት። ለሕክምና የመጣችው አዲስ አበባ፣ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር።

ይህ ጉዳት የወሊድ ፊስቱላ ይባላል፤ መነሻው የተጓተተ ምጥ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ሲቆይ በፊኛና በብልት መካከል ያለው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ በቦታው ቀዳዳ ይቀራል። ሽንቱ ሌት ተቀን ይፈሳል። ነርቭ ከተጎዳም አንዳንዷ እግሯን መጎተት ትጀምራለች።

ቀዳዳውን የመስፋት ጥበብ የራሱ ጥቁር ታሪክ አለው። አሜሪካዊው ሐኪም ማሪዮን ሲምስ በ1840ዎቹ አላባማ ውስጥ ሙከራውን ያደረገው በባርነት በተያዙ ሴቶች ላይ ነበር። በስም የምናውቃቸው አናርካ፣ ቤትሲና ሉሲ ናቸው። ያለ ማደንዘዣ ቀደዳቸው፤ አናርካን ብቻ ወደ 30 ጊዜ ያህል። ረዳቶቹ ሲሰለቹ ጥለውት ሄዱ፤ በምትካቸው እነዚሁ ሴቶች አንዷ ሌላዋን እየያዘች አገዙት። በ1849 በብር ክር ሰፍቶ ተሳካለት። ዝናው ግን የእሱ ብቻ ሆነ።

አዲስ አበባ ላይም የታካሚዎች እጅ ሥራው ውስጥ ገባ፤ አገባቡ ግን ሌላ ነበር። ዶ/ር ካትሪን እና ዶ/ር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ፊስቱላ ያለባቸው ሴቶች ግን በራቸው ላይ ተደረደሩ። ባልና ሚስቱ የሌሎችን ጽሑፍ እያነበቡ መስፋት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ለዚሁ በሽታ ብቻ የሚያገለግል ሆስፒታል ከፈቱ።

ማሚቱ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ከታከመች በኋላ እዚያው ቀረች። አልጋ ከማንጠፍ ጀምራ የቀዶ ሐኪሞቹን እጅ እያየች፣ ቀጥሎም መሣሪያ እያቀበለች፣ በመጨረሻ ራሷ መስፋት ቻለች። ከውጭ ለሥልጠና የመጡ ሐኪሞች ከወ/ሮ ማሚቱ ጎን ቆመው ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሰርጀንስ ከሐምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ሌሎችም የቀድሞ ታካሚዎች ነርስ ረዳት ሆነው አዲስ የገቡትን ያስታምሙ ነበር።

ቀዳዳ መዘጋቱ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም። ሽንት የሚይዘው ጡንቻ ራሱ ተጎድቶ ከሆነ፣ ስፌቱ ቢድንም እንኳ ስታስል ወይም ስትነሳ ያመልጣታል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቶች የዳሌ ወለል ጡንቻን ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ያስተምራሉ፤ ሆስፒታሉ ማህፀን የወጣባቸውንም ሴቶች ያክማል። ጉዳታቸው ዘላቂ ለሆነባቸው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደስታ መንደር የተባለ መኖሪያ ተሠራ።

እስከ አሁን ከ60,000 በላይ ሴቶች ታክመዋል፤ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ላይም ቅርንጫፎች አሉ። ሐምሊኖች ሲመጡ ያሰቡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ግን ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ዶ/ር ሬጂናልድ ካረፉ 14 ዓመት አልፎ ነበር። ተማሪዎቹ የሚመለመሉት ከገጠር ነው። ተመርቀው የሚመደቡትም እንደ ማሚቱ ያለች ልጅ ለቀናት ከምታምጥበት መንደር አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ ነው።