ኢኖስን ለመለየት የሚያገለግለው አንቲቦዲ

ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ሥሮችን የሚያላላ ጋዝ ነው። ከዚህ ጋር በተያያዘ ግኝት ፉርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ጋዙን የሚያመርተው ኢንዛይም ኢኖስ ይባላል።

በቤተ ሙከራ ኢኖስን የምንፈልገው በአንቲቦዲ ነው። ፕሮቲኖቹን በጄል እንደ ክብደታቸው ለያይተን፣ ወደ ሜምብሬን አስተላልፈን አንቲቦዲውን እንጨምርበታለን። 140 ኪሎዳልተን ገደማ ላይ መስመር ከታየ «ተገኘ» እንላለን። ችግሩ አይኖስና ኤንኖስ የተባሉት እህት ኢንዛይሞች በቅርጽም በክብደትም ስለሚቀራረቡት ነው።

እኔም በአንድ ወቅት ጥርት ያለ መስመር አግኝቼ ተደስቼ ነበር። የኢኖስ ዘረ መል በተወገደባት አይጥ ሕብረ ሕዋስ ላይ ስሞክረው ግን ያው መስመር ታየ፤ የወራት ልፋቴም መና ቀረ። በብልቃጡ ላይ በተጻፈው ብቻ አትተማመኑ፤ አንቲቦዲውን አስቀድማችሁ ኢንዛይሙ በሌለበት ናሙና ፈትኑት።