የታናሽ እስያ ስደተኞች፤ መርዶ ያልደረሰለት ኀዘን

ሰምርኔስ፥ ፊልድልፍያ፥ ቀጶዶቅያ፥ ጳንጦስ የሚባሉት አገሮች መጽሐፍ ለተመለከተ ሰው ሁሉ በስም የታወቁ ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹን ጴጥሮስ በመልእክቱ፥ ሌሎቹንም ዮሐንስ በራእዩ ጠርቷቸዋልና። ቃላቸው በሃይማኖተ አበው የሚነበበው ታላቁ ባስልዮስና ነባቤ መለኮት ጎርጎርዮስም የቀጶዶቅያ ልጆች ናቸው። ነገር ግን የእነዚህ አገሮች ክርስቲያኖች መጨረሻ ምን ሆነ ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከእኛ መካከል ብዙው ሰው በጥንት ዘመን ጠፍተዋል ብሎ ይመልሳል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች የምጽፈው ዓመት ሁሉ በዚሁ ነው) እስከ 1922 ድረስ በዚያው በአባቶቻቸው ርስት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከሥራቸው ተነቅለው በግሪክ አገር ተተከሉ። ስለ ጦሩና ስለ ውሉ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል። እኔ ዛሬ ልጽፍ ያሰብሁት፥ ሰው አገሩን ካጣ በኋላ ልቡ እንዴት እንደ ሰነበተ፥ በአዲሱም ስፍራ ከሰው ጋር እንዴት እንደ ኖረ ነው።

የነገሩ መነሻ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1919 የግሪክ ጦር በሰምርኔስ ወረደ፤ ወደ መካከለኛው አገርም ገፋ። በዘመቻው ጊዜ መንደር ያቃጥል ነበርና በደሉ በአንድ ወገን ብቻ ነበረ ማለት አይቻልም። በ1922 በነሐሴ ወር ጦሩ ተሸነፈ፤ በመስከረም ሰምርኔስ ተቃጠለች፤ ሕዝቡም በእሳቱና በባሕሩ መካከል ወደቡ ላይ ቀረ። ለጦር ዕድሜ የደረሱት ወንዶች ግን ከሴቶቹና ከልጆቹ ተለይተው ወደ ውስጥ አገር ለጉልበት ሥራ ተነዱ። ከእነዚህ እጅግ ብዙው አልተመለሰም። ከዚህ በኋላ ጥር 30 ቀን 1923 በሎዛን ከተማ ሁለቱ መንግሥታት ሕዝብ ለመለዋወጥ ተዋዋሉ። በቱርክ አገር ያለ ኦርቶዶክሳዊ ወደ ግሪክ፥ በግሪክ አገር ያለ እስላም ወደ ቱርክ እንዲሄድ ተቈረጠ። ከዚህ የተረፉት የቁስጥንጥንያ ክርስቲያኖችና የምዕራብ ትራቄ እስላሞች ናቸው። ወድጄ አልሄድም ማለት አልተፈቀደም።

ይህ ውል ሰውን የለየው በቋንቋ ሳይሆን በሃይማኖት ነው። ከቀጶዶቅያ ክርስቲያኖች እጅግ ብዙዎቹ ከቱርክኛ በቀር ሌላ አያውቁም ነበር፤ መጻሕፍታቸውንም በጽርእ ፊደል በቱርክኛ ቃል ይጽፉ ነበር። የቀርጤስ እስላሞች ደግሞ በተቃራኒው አፋቸውን የፈቱት በግሪክኛ ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ ወገኑ ገባ ተባለ እንጂ፥ ቃሉን ወደማይሰማው ሕዝብ የገባ ብዙ ነው። በግሪክ አገር የነበሩት ባላገሮች መጤዎቹን «የቱርክ ዘር» ይሏቸው ጀመር፤ አንዳንዱም «በእርጎ የተጠመቁ» እያለ ይዘብት ነበር። እርጎ የምሥራቅ ሰዎች ምግብ ነውና። በቱርክም በኩል ከቀርጤስ የመጣውን እስላም «ግማሽ ካፊር» እያሉ ይሰድቡት ነበር። አንድ ሃይማኖት ያለው ሰው እንግዳውን እንደ ወንድሙ ይቀበላል ብሎ በሩቅ ሆኖ የሚያስብ ቢኖር ይህን ይመልከት። በቤተ ክርስቲያን አብሮ የቆመው ሰው ከቤተ ክርስቲያን በር ወጥቶ ይሳደብ ነበር።

የስደተኛው ብዛትም የአገሩን ልብ አጥብቦት ነበር። በ1928 ሕዝብ በተቈጠረ ጊዜ ስደተኛ ተብለው የተጻፉት 1,221,849 ናቸው፤ የአገሩ ሰው በጠቅላላው ወደ 6,200,000 ነበረ። ከአምስት አንድ ማለት ነው። እንኳን ድኻ አገር ባለጸጋም ቢሆን ይህን ያህል እንግዳ በአንድ ጊዜ ለመቀበል ይጨንቀዋል። መርከብ ያወረዳቸው በማክሮኒሲ ደሴትና በተሰሎንቄ አጠገብ፥ በሽታ እንዳያዛምቱ ተለይተው ተቀመጡ፤ በዚያም በተስቦ ብዙ ሰው አለቀ። አቴና የገቡት በትምህርት ቤትና በመጋዘን ተጠጉ። በከተማው ቴያትር ቤት መኳንንት ተቀምጠው ይመለከቱባቸው የነበሩት ጠባብ ክፍሎች፥ ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንዳንድ ሆነው ተሰጡ። ከፊት መጋረጃ ጋርደው በዚያ ወጥ ይሠሩ፥ ልጅ ያሳድጉ ነበር።

በ1923 በመንግሥታት ማኅበር ሥር የስደተኞች ማስፈሪያ ኮሚሲዮን ቆመ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበር አሜሪካዊው ሄንሪ ሞርገንታው ነበረ። ብድር ተገኘ፤ በመቄዶንያና በትራቄ መሬት ተከፈለ፤ በሬና ዘር ተሰጠ፤ ቤት ተሠራ። ሥራው በ1930 ሲያበቃ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ በገጠር ሰፍሮ ነበር። ይህ የሚመሰገን ነው፤ እንዲያው በጎ ፈቃድ ብቻ ሆኖ የቀረ ሥራ አይደለም። ሆኖም የኮሚሲዮኑ መዝገብ የሚቈጥረው ጣሪያና ጋሻ መሬት ነው። የሰው ልብ በምን እንደ ተቀመጠ መዝገቡ አይናገርም።

ናፍቆት ሕመም እንደሚሆን ሐኪሞች ያወቁት ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የባዝል ከተማ የሕክምና ተማሪ ከአገራቸው ርቀው ሰውነታቸው ስለሚመነምን ሰዎች ጽፎ፥ ለሕመሙ ከሁለት የጽርእ ቃላት ስም አወጣለት። አንደኛው ወደ ቤት መመለስ፥ ሁለተኛው ሥቃይ ማለት ነው። በዘመናችንም በ2005 ሁለት ሊቃውንት ስለ ስደተኞች የአእምሮ ጤና የተጻፉ 56 ጥናቶችን ሰብስበው መርምረዋል። ያገኙትም ይህ ነው፤ ስደተኛውን የሚጐዳው ያየው መከራ ብቻ አይደለም፤ ከደረሰ በኋላ የራሱ ቤት ሳይኖረው በመጠለያ መክረሙና ሠርቶ እንዳይበላ መከልከሉም ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚከብዳቸውም በዕድሜ የገፉት፥ የተማሩትና ቀድሞ የተሻለ ኑሮ የነበራቸው ናቸው። ይህን ሳነብ የሰምርኔስ ነጋዴዎች ትዝ አሉኝ። ቀድሞ በመርከብ ንግድ የከበረ ሰው በፒሬዎስ ወደብ በእንጨት ክፍል ተቀምጦ ዕለታዊ ሥራ ሲፈልግ፥ ያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ማን እንደ ነበረ የሚመሰክርለትን ሰው ጭምር ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን መርዶ የሌለው ኀዘን ነው። ለጉልበት ሥራ የተነዳው ባል ሞቷል የሚል አልመጣም፤ በሕይወት አለ የሚልም አልመጣም። ጋዜጦች ጠፍተው የቀሩ ሰዎችን አፋልጉን የሚል ማስታወቂያ ለብዙ ጊዜ ያወጡ ነበር። እኛ አገር መርዶ ሲነገር ሰው ይሰበሰባል፤ ይለቀሳል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ለአርባ ቀን ተዝካር ይደረጋል፤ ኀዘንተኛውም ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ይመለሳል። በሃይማኖት ነገር ከእኛ ጋር የቈየ ልዩነት ቢኖራቸውም፥ ግሪኮችም ስንዴ ቀቅለው በአርባኛው ቀንና በዓመቱ ለሙታን መታሰቢያ ያደርጋሉ። ታዲያ ባሏ መሞቱን ያላወቀች ሴት ስንዴውን በምን ስም ትቀቅል? ብትቀቅል በሕይወት ያለውን እንደ ገደለች ይመስላታል፤ ብትተው ሙታንን እንደ ረሳች ይቈጠርባታል። ከል ልልበስ ወይስ አልልበስ ብላ የምትጨነቅ ነፍስ፥ ቤት ቢሠሩላትም ቤቱ ለጊዜው መሸሸጊያ እንጂ ማረፊያ አይሆናትም። የአባቶች መቃብርም ከባሕር ማዶ ቀርቷልና ሄዶ የሚያለቅስበት ስፍራ አልነበረም።

መጽናናት የተገኘው፥ እኔ እንደማየው፥ መንደሩ ሳይበተን በመጣበት ስፍራ ነው። የጎርጎርዮስ አገር ሰዎች፥ ካርቫሊ ከተባለው መንደር የወጡት፥ በ1924 ሲሰደዱ የቅዱሱን ዐፅም ተሸክመው መጡ፤ በካቫላ አጠገብም ሰፍረው መንደራቸውን አዲስ ካርቫሊ ብለው ቤተ ክርስቲያን አቆሙለት። የፕሮኮፒ ሰዎች ደግሞ ሩሲያዊው ዮሐንስ የሚሉትን ጻድቅ ዐፅም ይዘው ወደ ኤውቦያ ደሴት ገቡ። ይህ ዮሐንስ በ1711 በተደረገው ጦርነት ተማርኮ በባርነት ወደ ቀጶዶቅያ የመጣ፥ በ1730 በዚያው ያረፈ ወታደር ነው። ራሱ በሰው አገር የኖረ ምርኮኛ በሞቱ ጊዜ ሁለተኛ ተሰደደ፤ ሕዝቡም በእርሱ ዙሪያ ተሰበሰበ። ከካህናትም ወገን የፋራሳው አርሴንዮስ በሽምግልናው ከምእመናኑ ጋር መንገዱን ሁሉ ወጥቶ፥ ግሪክ አገር ከደረሰ አርባ ቀን ያህል ቈይቶ በኮርፉ ደሴት ዐረፈ። መንጋውን አድርሶ ነው የሞተው።

በዚያው በ1924 ወደ እኛም አገር የመጡ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ በአርመን ገዳም የነበሩ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ነፋሳ ሲነፉ ሰምተው ከፓትርያርኩ ጋር ተስማሙና ልጆቹ አዲስ አበባ ገቡ። ሕዝቡ «አርባ ልጆች» ይላቸው የነበሩት እነዚህ ናቸው። ከሌሎቹ ስደተኞች የሚለዩት፥ አብረው በመምጣታቸውና ገና ሲደርሱ የሚከበሩበት ሥራ በእጃቸው ስለ ነበረ ነው። የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ሠራ፤ ቃሉን የሰጠው የጎጃሙ ባለቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዜማው እስከ 1974 የአገር መዝሙር ሆኖ ቈይቷል። እንግዳ በአንድ አገር ከዚህ የበለጠ ምን ስፍራ ሊያገኝ እንደሚችል አላውቅም።

ወደ ግሪክ ልመለስ። በከተማ ያለው ስደተኛ ከገጠሩ የተለየ መከራ ነበረበት። እስከ 1930 ድረስ ወደ አገራችን እንመለሳለን፥ ባይሆን የንብረታችን ዋጋ ይከፈለናል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በ1930 ቬኒዜሎስ በአንካራ በተዋዋለ ጊዜ የንብረቱ ነገር በሁለቱ መንግሥታት መካከል ተጣጣና ተስፋው ተዘጋ። ሲደግፉት የኖሩት ስደተኞች እጅግ አዘኑበት። በዘፈን እንኳ አልተተዉም፤ ከሰምርኔስ ይዘውት የመጡትን፥ «አማን» እያለ የሚያለቅሰውን ዜማ፥ በ1936 ሥልጣን የያዘው የሜታክሳስ መንግሥት የምሥራቅ ነው ብሎ ከለከለው። ሰው የሚያለቅስበትን ዜማ መከልከል ምን ዐይነት ጥበብ እንደ ሆነ ቅኔ የተማረ ሰው ይፍረድ።

በዚህ መካከል አንዲት ሴት መልካም ሥራ ጀመረች። ሜልፖ መርሊየ ትባላለች፤ በ1930 የስደተኞቹን ዜማ ለመሰብሰብ ተነሥታ፥ ሥራው እየሰፋ ሄዶ የታናሽ እስያ ጥናት ማዕከል ሆነ። ከ5,000 ያህል ሰዎች ቃል ተጻፈ፤ መንደሩ የት ነበረ፥ ምንጩ በየት በኩል ይወርዳል፥ በዓሉ ምን ቀን ይውላል፥ እንዴትስ ወጣችሁ እየተባለ ሽማግሌው ሁሉ ተጠየቀ። ለብዙ ዘመን የቱርክ ዘር ሲባል የኖረ ሰው፥ ንገረኝ የሚለው ሲያገኝ የልቡ ሸክም አይቀልለትም ማለት አልችልም።

በ1972 ረኔ ሂርሾን የተባለች ሊቅ በፒሬዎስ አጠገብ ኮኪኒያ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ተቀምጣ ኑሮአቸውን አጠናች፤ መጽሐፏም በ1989 ታተመ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራው ጠባብ ቤት ከአምሳ ዓመት በኋላ ሳይፈርስ አገኘችው። ሴት ልጅ ለመዳር ጥሎሽ ቤት ነውና፥ ቤተ ሰቡ ክፍሉን እየከፈለ፥ ሲጠበውም ከወለሉ በታች እየቈፈረ ይጨምር ነበር። ቤቱ ጽዱ ነው፤ ወደ ማታ ወንበር ወደ መንገድ ይወጣል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጫወታል፤ የሙታን መታሰቢያ አይታጐልም። እንዲህም ሆኖ በዚያው በኮኪኒያ የተወለዱት፥ ታናሽ እስያን በዐይናቸው ያላዩት፥ ማን ናችሁ ሲባሉ ስደተኞች ነን ይሉ ነበር። ይህ ስም ስድብ መሆኑ ቀርቶ ክብር ሆኖላቸዋል።

የጳንጦስ ሰዎችን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሱሜላ በተባለው በገደል ውስጥ በታነጸው ገዳም፥ ሉቃስ ሣላት የሚሏት የእመቤታችን ሥዕል ነበረች። መነኮሳቱ በ1923 ሲወጡ ሥዕሏን ከወንጌልና ከመስቀል ጋር በዚያው ቀበሯት። በ1931 ሁለቱ መንግሥታት ስለ ታረቁ አንድ መነኩሴ ተፈቅዶለት ሄደና ቈፍሮ አወጣት። ሥዕሏ በአቴና ቤተ መዘክር ብዙ ዘመን ከቈየች በኋላ፥ ስደተኞቹ በቤርያ አጠገብ ባለው ተራራ አዲስ ሱሜላ ብለው ስፍራ አበጁላትና በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደዚያ አገቧት። ከስደቱ ወዲህ በአሮጌው ገዳም የመጀመሪያው ቅዳሴ የተቀደሰው ነሐሴ 15 ቀን 2010፥ እንደ እነርሱ ቀመር የእመቤታችን የዕረፍቷ በዓል በሚውልበት ዕለት ነው፤ የቱርክ መንግሥት ፈቅዶ ፓትርያርክ በርተሎሜዎስ ቀደሱ። ከግሪክና ከሩሲያ የስደተኞቹ ልጆችና የልጅ ልጆች መጡ። ስፍራው ጠባብ ነውና ብዙዎቹ ከውጭ ቆመው አስቀደሱ። ቅዳሴው ሲፈጸም ገዳሙ እንደ ቀድሞው ቤተ መዘክር ሆነ።