ያገለገለ የመስክ መኪና በጎጃም ደጋ

የጎጃምን ደጋ ክረምት የሚያውቅ ሰው መኪና ሊገዛ ሲነሳ ከዋጋው አስቀድሞ «ጭቃ ይወጣል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ስሟን ከረቡዕ ገበያዋ ባገኘችው በሮብ ገበያም ሆነ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉ ሌሎች የገጠር ገበያዎች፣ በሐምሌ ዋልካው ሲርስ ጭነት የያዘች አህያ እንኳ እግሯን ለመንቀል ትቸገራለች። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለአርሶ አደሩ መድረስ ያለበት ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው። ጤፍ የሚዘራው መንገዱ ሲደርቅ አይደለምና።

የዚህ ደጋ መሬት አስቸጋሪነት በጦርነት ጊዜም ታይቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦር ስንቁንና ጥይቱን በዋናነት ያጓጓዘው በግመል ነበር። ከሱዳን ከተሰበሰቡት 15 ሺህ ያህል ግመሎች አብዛኞቹ በዳገቱና በብርዱ አልቀዋል። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ያደረሱት የመኪና መንገድ ነበር። ከዚያ ዋና መንገድ ወጣ ያለው ገጠር ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የበቅሎና የአህያ አገር ሆኖ ቆይቷል።

በዚያው የጦርነት ዘመን አሜሪካኖች ጂፕ የተባለችውን፣ አራቱም ጎማዋ የሚጎትት ትንሽ መኪና ከ600 ሺህ በላይ አድርገው ሠሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ትርፍ የሆኑት ጂፖች በየአገሩ ለግለሰብ ተሸጡ። ከገዢዎቹ አንዱ የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ ነበር። ዊልክስ ዌልስ ውስጥ አንግልሲ በተባለ ደሴት ላይ እርሻ ነበረው፤ ያገለገለውን የጦር ጂፕ ለእርሻው ሥራ ይጠቀምበት ነበር። ጂፑ እያረጀ ሲሄድ ግን በምን ይተካ የሚለው ጥያቄ መጣ። መልሱ ላንድሮቨር ሆነ። ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም አምስተርዳም በተካሄደው የመኪና ትርዒት ላይ ለሕዝብ ቀረበ። ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ተሠራ፤ ከሞተሩ ኃይል ወስዶ የእርሻ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስበት መያዣም ተበጀለት። የሚገርመው ይህ ነው፤ በእኛ አገር ለረጅም ዘመን የሹም መኪና ተደርጎ የታየው ላንድሮቨር ሲፈጠር ለገበሬ ታስቦ የተሠራ፣ ያውም ካገለገለ መኪና የተወለደ ነበር።

ጃፓኖችም የጂፕን ፈለግ ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1951 የራሳቸውን ሠሩ፤ ከ1954 ጀምሮም ላንድክሩዘር አሉት። ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው «ባለ 40»ና በ1984 የተተካው «ባለ 70» በአፍሪካ ገጠር ሁሉ ተዳረሱ።

ወደ ሀገራችን ገጠር እነዚህ መኪናዎች የገቡት በአብዛኛው በመሥሪያ ቤት በኩል ነው። አውራ ጎዳና፣ ወባ ማጥፊያ፣ ግብርና ሁሉም የመስክ መኪና ያስፈልጋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የተቋቋመው የግብርና ሚኒስቴር የኤክስቴንሽንና የፕሮጀክት ማስፈጸሚያ መምሪያ ማዳበሪያን ለአነስተኛ አርሶ አደር ማዳረስ ሲጀምር ሥራው ባለሙያን ገጠር ድረስ ማመላለስን የግድ ይል ነበር። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ዋዝ ተጨመረ። ዋዝ ቤንዚን ጠጪ ቢሆንም መካኒኩ በመንገድ ዳር ፈትቶ የሚገጥመው ቀላል መኪና ነበር። ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ደግሞ የእርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድክሩዘሮች በዙ።

ለመሥሪያ ቤቱ ያረጀ መኪና ለገጠሩ አዲስ ነው። ላንድሮቨሩ ከመንግሥት እጅ ከወጣ በኋላ በብዙ የሀገራችን ክፍሎች የገበያ ቀን ሰው ጫኝ ሆኖ ሌላ ዕድሜ ኖረ፤ የኋላ ወንበሩ በግራና በቀኝ ተደርድሮ፣ ዕቃው ከጣሪያ ላይ ታስሮ። የእንግሊዙ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የዚያን ዘር የመጨረሻ መኪና ሲያወጣ፣ የእኛ አገር መካኒክ ገና ባሌስትራውን እየቀጠለ ያሠራው ነበር።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ወደዚህ ገበያ የገቡት ዘግይተው ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራት ተጣምረው ዩኒየን እንዲያቋቁሙ መንገዱን ከከፈተ በኋላ፣ ግብዓት የሚያሠራጭ፣ እህል የሚሰበስብ፣ ሂሳብ የሚመረምር ባለሙያ ከመሠረታዊ ማኅበር ወደ መሠረታዊ ማኅበር መሄድ ነበረበት። አዲስ ላንድክሩዘር መግዛት ለብዙዎቹ የማይታሰብ ስለነበረ ዓይን ያረፈው ባገለገለው ላይ ነው። ያገለገለ የመስክ መኪና የሚገኘውም ከሦስት በር ነው፤ ከመንግሥት የንብረት ማስወገጃ ጨረታ፣ ፕሮጀክቱን ካጠናቀቀ ድርጅት፣ ወይም ከነጋዴ። ሦስቱም የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። በጨረታ የሚሸጠው መኪና ብዙውን ጊዜ ቆሞ የከረመ ነው፤ ተጫራቹ አስነስቶ ሳይነዳው ዋጋ ይሰጣል። ከቀረጥ ነፃ የገባ የድርጅት መኪና ወደሌላ ሲተላለፍ ቀረጡ ይከተለዋል፤ ይህን ሳይጠይቅ የተዋዋለ ገዢ ርካሽ ያገኘ ይመስለውና ሊብሬ ለማዞር ሲሄድ ሌላ ሂሳብ ይጠብቀዋል። ነጋዴው ደግሞ ቀለሙን አሳምሮ፣ ዝገቱን በስቱኮ ደፍኖ ያቀርባል።

ስለዚህ የቆየው የመካኒኮች ልማድ ከኮፈኑ በፊት ከመኪናው ሥር መግባት ነው። ሻንሲው ተሰብሮ የተበየደ ከሆነ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆን እንኳ መኪናው ለጎጃም መንገድ አይበጅም። የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለበት። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ማስነሳትና የጭሱን ቀለም ማየት፣ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ ያሳያል። የፊቱን ጎማ የሚያስገባው ማርሽና ታናሹ ማርሽ በእርግጥ ይሠሩ እንደሆነ ጭቃ ወይም ዳገት ላይ መሞከር ይገባል፤ ለዓመታት ከተማ ውስጥ ብቻ የተነዳ መኪና የፊት ማርሹ ነክሶ የማያውቅበት ጊዜ አለና። ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ላይ፣ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ያጣል። ብዙዎቹ ባለ 70 ላንድክሩዘሮች የያዙት ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ የለውም። ቀስ ብሎ ይወጣል፤ ግን ይወጣል፣ ደግሞም በቀላሉ ይጠገናል። ከአዲስ አበባ ገዝቶ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት ፍሬኑን፣ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው ዳገት ራዲያተሩን ይፈትንለታል። ፈተናው ከክፍያ በኋላ መሆኑ ነው ክፋቱ።

መካኒኩ የማይመረምረው ነገርም አለ። መኪናው የተገዛው ከአባላቱ እጣና ትርፍ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ደግሞ እኩል አንድ ድምፅ አለው። አርሶ አደሩ በጠቅላላ ጉባዔ ላይ «ይህ መኪና እኛ ቀበሌ መቼ መጣ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የሚመልስለት የጉዞ መመዝገቢያው ብቻ ነው። መመዝገቢያው ከጽሕፈት ቤት እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የሚል ስብሰባ ብቻ ካሳየ፣ ፎር ዊል መግዛት ለምን አስፈለገ? አስፋልቱን አውቶቡስም ይሄድበታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም «ለአንድ ቀን ትብብር» ብለው ሲጠይቁ እንቢ ማለት ለሥራ አመራር ኮሚቴ ከባድ ነው፤ ዘመቻው የጋራ ነው፣ ማዳበሪያውም የሚመጣው በእነርሱ በኩል ነው። ሆኖም ናፍጣውም ጎማውም የአባላቱ ነው። ከብድሩ በፊት ነዳጅ ማን እንደሚሞላና ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚጠግን በጽሑፍ መስማማት ግንኙነቱ እንዳይሻከር፣ መኪናውም ዕድሜ እንዲያገኝ ይረዳል። የቁጥጥር ኮሚቴው መመዝገቢያውን በየወሩ ማየቱ ማንንም መጠርጠር አይደለም።

ባለፉት ዓመታት ሂሳቡ ተለውጧል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም አጋማሽ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መለዋወጫ በብር ተወደደ። በዚህ የተነሳ ቀድሞ የገባው አሮጌ ላንድክሩዘር እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ መሬት ዋጋው እየጨመረ ሄደ። ሃያ ዓመት ያገለገለን መኪና ሻጩ ከገዛበት በላይ ይጠይቅበታል፤ ጎማው፣ ፍሪሲዮኑና ኩሽኔታው ግን ሃያ ዓመታቸውን አልረሱም።

መንገዱም እንደ ድሮው አይደለም። በ2003 ዓ.ም የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን በጠጠር መንገድ አገናኝቷል፤ ማዳበሪያውን አይሱዙ ይጭነዋል፣ ሰውን ባጃጅ ያደርሰዋል። የመስክ መኪናው የቀረለት ጠጠሩ የሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወንዙ ሞልቶ ዋልካው ሲይዝ፣ የዘር ጥራት የሚያየው ባለሙያና ሂሳብ መርማሪው ከአሮጌው ላንድክሩዘር ጋር የሚሄዱባት የመጨረሻዋ አሥር ኪሎ ሜትር።