የካሜራ መስተዋትና የኦሞ ሸለቆ ፎቶግራፎች

ስለ ደቡብ ኦሞ ሕዝቦች የተጻፈ መጽሐፍ በተገለጠ ቍጥር አንባቢ አስቀድሞ የሚመለከተው ፎቶግራፉን ነው፤ ፎቶግራፉ የተነሣበትን መሣሪያ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ የምናወሳው ስለዚሁ መሣሪያ፥ ይልቁንም በውስጡ ስላለው ትንሽ መስተዋት ነው።

ኢጣልያዊው ተጓዥ ቪቶርዮ ቦቴጎ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ እንደሚገባ አረጋገጠ። እርሱ በ1897 ወለጋ ውስጥ ሲገደል በሕይወት የተረፉት መኮንኖች ቫኑቴሊና ቺቴርኒ የጉዞውን ታሪክ በ1899 በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚያ ዘመን በነበሩት በብዙዎቹ ካሜራዎች፥ አንሺው ከመሣሪያው ጀርባ ባለው ወተት መሰል ብርጭቆ ላይ ሰውየውን ተገልብጦ ያየዋል፤ የፎቶግራፉን ሰሌዳ በብርጭቆው ስፍራ ባስገባ ጊዜ ግን ማየቱ ይቀርበታል።

ይህን ችግር ያቃለለው መስተዋቱ ነው። ቶማስ ሳተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐሳቡን በ1861 በሕግ አስመዘገበ፤ ለ35 ሚሊሜትር ፊልም የተሠራው ኤግዛክታ ግን በ1936 ከጀርመን አገር ከድሬስደን ወጣ። በ45 ዲግሪ ያዘመመው መስተዋት ብርሃኑን ወደ ላይ ወደ ብርጭቆው ይመልሰዋል፤ ቍልፉ ሲጫን መስተዋቱ ይነሣና ብርሃኑ ፊልሙን ያገኛል። እንግዲህ መስተዋቱ ቢጫር ወይም ጠርዙ ቢሸረፍ የሚጐዳው የአንሺው ዓይን ነው እንጂ ፊልሙ አይደለም። ስለ አንዲት ጭረት ብሎ ካሜራውን የሚጥል ሰው ገንዘቡን በከንቱ ጣለ።

ዳሩ ግን መስተዋቱ ከስፍራው ጥቂት ቢዛነፍ ነገሩ ይከፋል። ሥዕሉ በብርጭቆው ላይ ጠርቶ ይታያል፤ በፊልሙ ላይ ግን ይደበዝዛል። የሐመር ጐልማሳ በተሰለፉ ከብቶች ላይ የሚዘልበትን፥ በሕይወቱ አንድ ጊዜ የሚፈጽመውን ሥርዓት (ኢቮ ሽትሬከር በ1979 በወጣው ፊልሙ ያሳየውን ማለት ነው) እንዲህ ባለ ካሜራ ያነሣ ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዘላዩ ሚስት ለማግባት በቅቶአል።

ስለዚህ የቤት መስተዋት ቈርጦ መለጠፍ አይገባም። የቤት መስተዋት ቅቡ በጀርባው ስለ ሆነ ምስሉን ድርብ ያደርገዋል፤ በብርጭቆውም ውፍረት ልክ ስፍራውን ያስታል። የካሜራው መስተዋት ቅብ በፊቱ ነው፤ ውፍረቱም ከአንድ ሚሊሜትር ሺሕኛ እጅ ያነሰ ነውና ጣት እንኳ አይችልም። አቧራው በጎማ መንፊያ ይነፋል እንጂ በጨርቅ አይወለወልም። ከሁሉ የሚሻለው ከዚያው ዓይነት፥ ሌላ ክፍሉ ከተበላሸ ካሜራ መስተዋቱን አውጥቶ መተካት ነው።

ከተተካም በኋላ ከጂንካ ወደ ቱርሚ ሳይወርዱ መፈተን ይገባል። ካሜራውን ፊልም ሳይኖርበት በማቆሚያው ላይ አጽንቶ፥ በሩቅ ያለውን ተራራ በመመልከቻው አጥርቶ ማየት፤ ከዚያም ሌንሱን ሳይነኩ ጀርባውን ከፍቶ በፊልሙ መተላለፊያ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት መዘርጋትና መዝጊያውን ክፍት ማቈየት ነው። የተራራው ጫፍ በወረቀቱም ላይ እንደዚያው ከጠራ መስተዋቱ በስፍራው ነው፤ ካልጠራም መስተዋቱ የሚያርፍበትን ትንሽ ብሎን ጥቂት በጥቂት እያዞሩ እንደገና መፈተን ያስፈልጋል።