የቤት ውሻና የሕፃናት ደኅንነት በስሜን ተራሮች ግርጌ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያመራው መንገድ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ይደርሳል። በዚህ የገብስና የበግ አገር ውሻ የሌለበት የገጠር ግቢ እምብዛም አይገኝም። ውሻው ግን ከጥንት ጀምሮ የሚያዘው ለሥራ ነው። ሌሊት ጅብና ነብር ወደ በረት እንዳይጠጉ ይጮኻል፤ ቀን ከመንጋው ጋር ይውላል፤ ገብሱ ሲያሸት ደግሞ ጭላዳውን ከማሳ ያባርራል። ስለዚህ ገበሬው ቡችላ ሲመርጥ የሚመዝነው ንቃቱንና ድፍረቱን ነበር። ከሕፃናት ጋር መስማማቱ ለብቻው እንደ መስፈርት አይነሣም ነበር።

ይሁንና መስፈርቱ ሳይነሣም ይሟላ ነበር፤ ምክንያቱም እረኛው ራሱ ልጅ ነው። ቡችላው ዓይኑን ከገለጠበት ጊዜ አንሥቶ በልጆች መካከል ያድጋል፤ ከቂጣቸው ይካፈላል፤ ድምፃቸውንና ሩጫቸውን ይለምዳል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ተረትም ይህንኑ ዝምድና ያመለክታል።

ይህ ልማድ የሚሠራበትን ምክንያት ሳይንስ ያብራራው ዘግይቶ ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የረጅም ዓመታት ጥናታቸውን በመጽሐፍ አሳትመዋል። እንደ እነርሱ ግኝት፣ ቡችላ ከሰው ጋር በቀላሉ የሚላመደው በግምት ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ያልቀረበው ቡችላ ሲያድግ ፈሪ ይሆናል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ሊናከስ ይችላል።

ችግሩ የሚጎላው ኑሮ ወደ ከተማ ሲዛወር ነው። በደባርቅም ሆነ በዳባት ከተማ የሚኖር ቤተ ሰብ የሚያሰማራው መንጋ ላይኖረው ይችላል፤ ውሻው ግን ለጥበቃ ተፈላጊ እንደሆነ ይቀጥላል። ቀን በሰንሰለት ታስሮ የሚውል፣ ሌሊት ብቻ የሚፈታ ውሻ ከልጆች ጋር የሚተዋወቅበት ጊዜ የለውም። የገጠሩ ውሎ ያለ አስተማሪ ያስተምረው የነበረውን ትምህርት ከተማው አስቀረበት። ልጆቹ ግን በዚያው ግቢ ይጫወታሉ።

አደጋው ንክሻ ብቻ ቢሆን ቁስል ይሽር ነበር። ከንክሻው በስተኋላ ያለው የእብድ ውሻ በሽታ ግን ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን የማይቻል ያህል ነው። በ1903 በኢትዮጵያ ወረርሽኙ መነሣቱ ተመዝግቧል። ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 1885፣ ሉዊ ፓስተር ፓሪስ ውስጥ በክትባቱ ያዳነው የመጀመሪያው ሰው ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ነበር። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የፓስተር ተቋምም ክትባቱን በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ያዘ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በዚህ በሽታ በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው።

የስሜን ሰው ከውሻው ጤና ጋር የተሳሰረ ሌላም ሀብት አለው። ጀርመናዊው ሩፔል ለቀይ ቀበሮ የሰጠው ሳይንሳዊ መጠሪያ፣ ካኒስ ሲሜንሲስ፣ ከስሜን ስም የተወሰደ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተከለለ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ይሁን እንጂ በ2003 በባሌ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። በሽታው ወደ ቀበሮዎቹ የሚሻገረው ከቤት ውሾች ነው። ስለሆነም ለልጁ ሲል ውሻውን የሚያስከትብ አባት ቀበሮውንም ይጠብቃል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው መመሪያ ግልጽ ነው። ድንጋይ የሚገዛ ሰው ካባውን አይቶ እንደሚወስን፣ ቡችላ የሚወስድም እናቲቱን ይይ፤ ሰው ሲቀርባት የምትረጋጋ እናት ተመራጭ ናት። ቡችላው 8 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ቢወሰድ መልካም ነው። ሲጠሩት የሚመጣ፣ ሲያቅፉት ጥቂት ተወራጭቶ የሚረጋጋ ይመረጥ፤ ጥግ ይዞ የሚንቀጠቀጠውም፣ ሲነኩት ወዲያው የሚናከሰውም ለሕፃናት ቤት አይሆኑም። ሦስት ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ክትባቱም በወቅቱ ይደገም። ሕፃን ከውሻ ጋር ብቻውን አይተው። ልጆችም ውሻ ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችሎቿን ስታጠባ እንዳይቀርቡ ይማሩ።

ንክሻ ከደረሰ ግን ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ልጁም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ከተራራው መንደር እስከ መኪና መንገድ ረጅም የእግር ጉዞ ባለበት አገር፣ ነገ እናየዋለን ማለት ሕይወት ያስከፍላል።

ከማኅበሩ አባላት ብዙዎቹ ለመንገድ፣ ለውኃና ለሕንፃ ሥራ ቤተ ሰባቸውን ይዘው በየገጠሩ ይሰነብታሉ፤ በካምፓቸውም ለጥበቃ ውሻ ይይዛሉ። የካምፑ ውሻ ሲመረጥ ከጩኸቱ ጋር አስተዳደጉና የክትባት ወረቀቱ ሊታይ ይገባል። የደጋው እረኛ ሳያውቀው ያደርገው የነበረውን የተማረው ሰው አውቆ ሊያደርገው ይችላል።