የጃዝ ኮርድ

የጃዝ ኮርድ መደበኛው ኮርድ ባሉት ሦስት ድምፆች ላይ ሌላ ድምፅ፣ ብዙውን ጊዜ ሰባተኛውን፣ በመጨመር የሚሠራ ኮርድ ነው። ኮርድ ማለት በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ ነው። በኢትዮ ጃዝ እነዚህ ኮርዶች ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ስለሚገናኙ፣ የትኛው ድምፅ እንደሚጨመር ብቻ ሳይሆን የትኛው እንደሚቀርም ማወቅ ያስፈልጋል።

አሠራር

በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ቁልፍ፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ይባላል። ሰባተኛ ኮርድ ከመነሻው ድምፅ ጀምሮ በ3 ወይም በ4 ግማሽ ድምፆች ርቀት ይደረደራል። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች የሚከተሉት ናቸው፦

* ሜጀር ሰባተኛ (4፣ 3፣ 4)፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሲ
* ማይነር ሰባተኛ (3፣ 4፣ 3)፦ ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ዶ
* ዶሚናንት ሰባተኛ (4፣ 3፣ 3)፦ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ

በጃዝ እጅግ የተለመደው ቅደም ተከተል ከሬ ማይነር ወደ ሶል ዶሚናንት፣ ከዚያም ወደ ዶ ሜጀር ይሄዳል። ጀማሪ በግራ እጁ መነሻውን፣ በቀኝ እጁ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ብቻ ሊይዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ቀኝ እጅ መጀመሪያ ፋና ዶን፣ ቀጥሎ ፋና ሲን፣ በመጨረሻ ሚና ሲን ይመታል። በየሽግግሩ አንድ ጣት ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል።

ከቅኝት ጋር ያለው ግንኙነት

ባህላዊው የአማራ ሙዚቃ በዋናነት በአንድ ዜማ ላይ የቆመ ነው። ለምሳሌ የጎጃም አዝማሪዎች የሚጫወቱት ማሲንቆ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ዜማውን ይከተላል እንጂ ኮርድ አይሠራም። እያንዳንዱ ቅኝት 5 ድምፆች አሉት። ከዶ ሲጀመሩ በፒያኖ ላይ እንዲህ ይገኛሉ፦

* ትዝታ ሜጀር፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ
* ባቲ ሜጀር፦ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ
* አምባሰል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት
* አንቺሆዬ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ

ትዝታና ባቲ ማይነር መልክም አላቸው።

በትዝታ ሜጀር ውስጥ ፋና ሲ የሉም። የሶል ዶሚናንት ኮርድን ውጥረት የሚሰጡት ግን እነዚሁ ሁለት ድምፆች ናቸው። ስለዚህ የተለመደው የጃዝ ቅደም ተከተል እንዳለ ቢገባ የትዝታው ጠባይ ይደበዝዛል። ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ወይም ሶል፣ ላ፣ ሬ ተብለው የሚሠሩ ኮርዶች ግን ከቅኝቱ አይወጡም። ባቲ ሜጀር በአንጻሩ ሙሉውን የዶ ሜጀር ሰባተኛ ኮርድ ይዟል። አምባሰልና አንቺሆዬ ሚ ስለሌላቸው በዶ ላይ የተለመደ ሜጀርም ሆነ ማይነር ኮርድ አይሰጡም፤ አምባሰል ግን ከሬ ፍላት ሲጀመር ሜጀር ሰባተኛ (ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ) ይገኝበታል።

ታሪክ

የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለዱ። በብሪታንያ ከተማሩ በኋላ ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ጃዝን አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1966 «አፍሮ ላቲን ሶል»፣ በ1972 ደግሞ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባሉ አልበሞችን አሳትመዋል። በሥራዎቻቸው የአምስቱን ድምፆች ዜማ ከጃዝ ኮርዶችና ከላቲን ምት ጋር አዋህደዋል።