አሥራ ሁለት ዘፈን ከሊማ

በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ፣ ሊንሴ በሚባል ሠፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የመታሰቢያ ሰሌዳ ተሰቀለ። የዓለም የፐንክ ሮክ ንቅናቄ እዚህ ቦታ ላይ መወለዱን ያውጃል። ለዚህ ወግ የበቁት አራት የሠፈሩ ልጆች ናቸው፦ ድምፃዊው ኤርዊን ፍሎሬስ፣ ጊታሪስቱ ሮላንዶ ካርፒዮ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ሴሳር ካስትሪዮን እና ድራመሩ ፍራንሲስኮ ጌቫራ። ባንዳቸው ሎስ ሳይኮስ ይባል ነበር።

ባንዱ በ1964 ሲመሠረት የቢትልስ ዝና ሊማም ደርሷል። በከተማዋ ሲኒማ ቤቶች እሑድ ጠዋት ለወጣቶች የሙዚቃ ትርዒት ይዘጋጅ ነበር። የዘመኑ ዘፋኞች በብዛት የውጭ ዜማ እየወሰዱ፣ የስፓኒሽ ግጥም እያለበሱ፣ አለስልሰው ይጫወቱታል። የሊንሴ ልጆች ግን ዘፈኖቻቸውን ራሳቸው ደረሱ።

በ1965 እና በ1966 ዲስፔሩ በተባለ ኩባንያ ስድስት ትንንሽ ሸክላዎችን አሳተሙ፤ በየሸክላው ሁለት፣ በድምሩ 12 ዘፈን። ሙሉ አልበም ሳያወጡ በ1966 ተበተኑ። ፍሎሬስ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሳይንስ ሙያ ተሠማራ። ሸክላዎቹ ለረጅም ዓመታት ሰብሳቢዎች ብቻ የሚፈላለጓቸው ሆነው ቆዩ። በመጨረሻ የስፔን አሳታሚዎች ደረሱላቸው፤ በ2010 የማድሪዱ ሙንስተር ሪከርድስ 12ቱንም በአንድ አልበም አወጣቸው።

ስለ ባንዱ ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሰው የ1965ቱን «ዴሞሊሲዮን» ነው። ፍሎሬስ ቃል አልባ ጩኸቱን እየደጋገመ ይለቅና የባቡር ጣቢያ እናፍርስ ብሎ ይነሳል። ጉሮሮው የተቧጠጠ ይመስላል። ድራሙ ያለ ዕረፍት ይደበድባል፤ ጊታሩም ከሥር እየተርገበገበ ይከተለዋል። ለምን እንደሚፈርስ ምክንያት አይሰጥም፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ያበቃል። በኃይሉ ዛሬም ያስደነግጣል።

ይህን ብቻ የሰማ ሰው ሎስ ሳይኮስን የጩኸት ባንድ አድርጎ ቢይዛቸው አይፈረድበትም። የ2010ሩን ስብስብ ከዳር እስከ ዳር ሲያዳምጡት ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። አንዱ ዘፈን ከአልካትራዝ ወህኒ ያመለጠ እስረኛ ታሪክ ነው፤ ሌላው መቃብር ሥፍራ ይወስደናል፤ ሌላው የድመቶች ቀብር ላይ ያቆመናል። እነዚህን ጨርሶ «ቴ አሞ» ላይ ሲደርስ ያው ባንድ ፍቅሩን ይናገራል፤ «ሎንሊ ስታር» ላይ ደግሞ ትካዜ ይሰማበታል። ድምፁ ሲያፈቅርም ሻካራ ነው፤ እንዲያውም ፍቅሩን የሚያሳምነው ሻካራነቱ ነው። በስድስት ሸክላ ተበታትኖ የኖረው ይህ ዓለም ምሉዕ ሆኖ የታየው በስብስቡ ነው። ስለዚህ ይህን አልበም የትርፍራፊ ማጠራቀሚያ አድርጌ አላየውም፤ ባንዱ በጊዜው ሊያወጣው ያልቻለው ሥራ ነው።

ወደ ሰሌዳው ስንመለስ ክርክሩ ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ታኮማ ከተማ፣ ዘ ሶኒክስ የተባለው ባንድ «ዘ ዊች» የሚለውን ኃይለኛ ሸክላውን በ1964 አሳትሟል። ብዙ ጊዜ የፐንክ ጀማሪዎች የሚባሉት ራሞንስ በኒው ዮርክ የተመሠረቱት ደግሞ በ1974 ነው። ቀዳሚው ማን ነው ቢባል መልሱ እንደ መልስ ሰጪው አገር ይለያያል።

እኔ ሎስ ሳይኮስን የማከብራቸው በቀዳሚነት አይደለም። የሌላውን ዘፈን አሳምሮ መጫወት በሚያስጨበጭብበት ዘመን፣ የራሳቸውን አስፈሪና አስቂኝ ዓለም በራሳቸው ቋንቋ ለመዝፈን ደፍረዋል። ይህ ድፍረት ባይኖር ሰሌዳ የሚሰቅልላቸውም፣ በቀዳሚነታቸው የሚከራከርላቸውም አይገኝም ነበር። ለማዳመጥ የሚነሳ ሰው ዝነኛውን ዘፈን ሰምቶ እንዳያቆም እመክራለሁ፤ የቀሩት አሥራ አንዱ ስለ ባንዱ ከሰሌዳው የበለጠ ይናገራሉ።